የፎቶግራፍ መጽሔት ሲመረጥ ኮሚሽኑ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ይታይ

በዶላር ተከፍሎበት በየወሩ የሚነበበውን ለመለየት ከሽፋኑ ይልቅ የገቢ ምንጩን መመርመር ይበጃል

ካሜራ የሚያስመጣ ነጋዴ፣ ፎቶ ቤት ለመክፈት ገንዘብ ያዘጋጀ ባለሀብት፣ በሠርግና በማስታወቂያ ፎቶ የሚተዳደር ባለሙያ ሁሉም አንድ የጋራ ወጪ አለባቸው፤ ይኸውም የመረጃ ወጪ ነው። የትኛው ካሜራ እንደሚያዋጣ፣ የትኛው ሌንስ ከሁለት ዓመት በኋላም ገዢ እንደሚያገኝ፣ ደንበኛ ምን ዓይነት ፎቶ እንደሚወድ ሳያውቁ ገንዘብን ማውጣት ኪሳራን መጋበዝ ነው። ይህን መረጃ ለማቅረብ የተዘጋጁ የውጭ የፎቶግራፍ መጽሔቶች ቁጥር ቀላል አይደለም። ሽፋናቸው ሁሉ ያምራል፤ ሁሉም «የዘመኑን ምርጥ ካሜራ» እናሳውቃለን ይላሉ። ነገር ግን ሁሉንም ማንበብ አይቻልም፤ ሁሉም ደግሞ የሚከፈልባቸውን ያህል አይመልሱም።

ጉዳዩ የጊዜ ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ነው። የመጽሔቶቹ የደንበኝነት ክፍያ በዶላር፣ በፓውንድ ወይም በዩሮ የሚፈጸም ነው። በሐምሌ 2024 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በመሆኑም አሳታሚው ዋጋውን በአንድ ሳንቲም እንኳ ሳይጨምር የደንበኝነቱ ክፍያ በብር ሲሰላ እጥፍ ወደ መሆን ተቃርቧል። ቀድሞ በዘፈቀደ ሊመረጥ ይችል የነበረ ነገር አሁን ስሌት ይፈልጋል።

ደላላው ሁለት ኪስ አለው

ገበያ ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ደላላ ሻጭንና ገዢን ያገናኛል። ኮሚሽኑን ከአንድ ወገን ብቻ የሚቀበል አለ፤ ከሁለቱም የሚቀበል አለ። ከማን እንደተቀበለ የተረዳ ገዢ የደላላውን ቃል ምን ያህል ማመን እንዳለበት ያውቃል።

የፎቶግራፍ መጽሔትም ከዚህ የተለየ አይደለም። በአንድ በኩል ራሱን ለአንባቢ ይሸጣል። በሌላ በኩል ገጹን ለካሜራና ለሌንስ አምራቾች፣ ለቦርሳ፣ ለፍላሽና ለትራይፖድ ሻጮች ያከራያል። ትልቅ ሥርጭት በነበራቸው መጽሔቶች ዘንድ ዋናው ገቢ ከማስታወቂያው የሚገኝ ነበር። አንባቢው የሚከፍለው አነስተኛ ገንዘብ ደግሞ የአንባቢውን ቁጥር ለማብዛት፣ በዚያም የማስታወቂያውን ዋጋ ከፍ ለማድረግ ያገለግላል። ይህ ማለት አንባቢው ገዢ ብቻ አይደለም፤ ለአምራቾቹ የሚቀርብ ሸቀጥም ነው።

ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ከሻጭ የሚቀበል ደላላም እውነት ሊናገር ይችላል። ችግሩ የሚፈጠረው አንባቢው ይህንን ሳያውቅ ሲቀር ነው። በማስታወቂያ የሚኖር መጽሔት አንባቢው በየጊዜው አዲስ ዕቃ እንዲፈልግ ይሻል፤ ባለው ካሜራ የረካ አንባቢ ለአስተዋዋቂው ምንም አይጠቅመውምና።

የኋላ ገጾቹ ገበያ

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በግንቦት 1937 በአሜሪካ መታተም የጀመረው «ፖፑላር ፎቶግራፊ» ነው። ተወዳዳሪው «ሞደርን ፎቶግራፊ» በ1989 ሲዘጋ ደንበኞቹ ወደዚሁ መጽሔት ተላልፈዋል። የራሱ የመፈተሻ ላቦራቶሪ የነበረው ይህ መጽሔት ሌንስና ካሜራን በመሣሪያ ለክቶ ውጤቱን በቁጥር ያቀርብ ነበር።

የነጋዴውን ዓይን የሚስበው ግን የኋላው ክፍል ነበር። በኒው ዮርክ የሚገኙ እንደ «ቢ ኤንድ ኤች» እና «አዶራማ» ያሉ ሱቆች በጥቃቅን ፊደላት ገጽ በገጽ የዋጋ ዝርዝር ያወጡበት ነበር። አንዱ ሱቅ ለአንድ ሌንስ የጠየቀውን ሌላው ሱቅ ከጠየቀው ጋር ማነጻጸር የሚቻለው እዚያው ነው። ኢንተርኔት ባልተስፋፋበት ዘመን ይህ ዝርዝር የካሜራ ገበያ የዋጋ ጋዜጣ ነበር ማለት ይቻላል።

ዝርዝሩ ሌላም ትምህርት ነበረው። ለአንድ ዓይነት ሌንስ ሁለት ዋጋ ተጽፎ ይታያል። ከፍ ያለው የአምራቹ የአሜሪካ ወኪል ዋስትና ያለው ነው፤ ዝቅ ያለው ወኪሉን ሳያልፍ በሌላ መንገድ የገባ፣ በተለምዶ «ግራጫ ገበያ» የሚባለው ነው። ዕቃው አንድ ሆኖ ሳለ የዋጋው ልዩነት የዋስትናው ዋጋ መሆኑ ነው። ዛሬም ከዱባይም ሆነ ከሌላ ቦታ ካሜራ የሚያስመጣ ሰው ይህን ልዩነት ሳይጠይቅ ቢገዛ ዕቃው ሲበላሽ የጥገናውን ወጪ ራሱ ይሸከማል።

ካሜራው ሲወድቅ መጽሔቱም ወደቀ

በማስታወቂያ መኖር የሚያስከትለው አደጋ የታየው ስልክ ፎቶ ማንሳት ከጀመረ በኋላ ነው። የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር (ሲፓ) እንዳስታወቀው አባላቱ በ2010 ለዓለም ገበያ ያቀረቡት ዲጂታል ካሜራ ከ121 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ2023 ይኸው ቁጥር 7.7 ሚሊዮን ግድም ሆነ። ከመቶው 94 ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። በ2024 ጥቂት አንሰራርቶ ወደ 8.5 ሚሊዮን ቢደርስም የቀድሞው ዘመን ተመልሷል የሚያሰኝ አይደለም።

የሚሸጥ ካሜራ ሲቀንስ የማስታወቂያ በጀትም ይቀንሳል። የማስታወቂያ በጀት ሲቀንስ ገጹ ይሳሳል፤ ገጹ ሲሳሳ አንባቢው ይሸሻል። «ፖፑላር ፎቶግራፊ» በተመሠረተ በ80ኛው ዓመት፣ በ2017 መታተም አቆመ። ስሙ ኋላ በድረ ገጽ ብቻ ተመልሷል። የዚያው አሳታሚ የነበረው «አሜሪካን ፎቶ»ም አብሮ ተዘጋ። የአሜሪካ ባለሙያዎች መጽሔት የነበረው «ፎቶ ዲስትሪክት ኒውስ» በ2020 መጀመሪያ ቆመ። በጃፓን ከ1926 ጀምሮ ይወጣ የነበረው «አሳሂ ካሜራ» በ2020፣ ተቀናቃኙ «ኒፖን ካሜራ» ደግሞ በ2021 ከገበያ ወጡ።

የብሪታንያው ሁኔታ በሌላ መልክ ይታያል። ከጥቅምት 1884 ጀምሮ የሚታተመው «አማተር ፎቶግራፈር» በ2020 በትልቁ አሳታሚ በ«ፊውቸር» እጅ ሊገባ ሲል የአገሪቱ የገበያ ውድድር ባለሥልጣን ሥጋቱን ገለጸ። ፊውቸር ሌሎች የፎቶግራፍ መጽሔቶችም ስለነበሩት ዘርፉ በአንድ እጅ ይወድቃል ከሚል ነው። በዚህም ምክንያት መጽሔቱ «ኬልሲ ሚዲያ» ለተባለ ሌላ አሳታሚ ተሸጠ። ለአንባቢው ትርጉም ያለው ነገር ይኸው ነው፤ በመደርደሪያ ላይ በልዩ ልዩ ስም የተደረደሩ አራትና አምስት መጽሔቶች ባለቤታቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ገዝቶ ሁለት የተለያየ አስተያየት አገኘሁ ብሎ ማሰብ ሁልጊዜ አያስተማምንም።

ወደ ድረ ገጽ መሸሽም ከዚህ ጥያቄ አያድንም። በ1998 የተመሠረተውና በካሜራ ግምገማ የታወቀው «ዲፒሪቪው» በ2007 በ«አማዞን» ተገዝቷል። ግምገማው የሚወጣበት ድርጅት ባለቤት ካሜራ ሻጭ ሆነ ማለት ነው። በመጋቢት 2023 አማዞን ድረ ገጹን እዘጋለሁ ብሎ ካስታወቀ በኋላ በሰኔ ወር «ጊር ፓትሮል» ለተባለ ድርጅት ተላልፎ ሥራውን ቀጥሏል። ለ25 ዓመታት የተከማቸ መረጃ በአንድ ባለቤት ውሳኔ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር።

ዕቃ የሚገመግሙ መጽሔቶች

የፎቶግራፍ መጽሔቶችን በሦስት ከፍሎ ማየት ምርጫውን ያቀልላል። የመጀመሪያዎቹ ዕቃ ገምጋሚዎች ናቸው። እነዚህን ለመመዘን ተከታታይ ሦስት እትሞችን አግኝቶ የሚከተሉትን መመልከት ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ በግምገማው ውስጥ ጉድለት ተጽፏል ወይ? ሦስት እትም ሙሉ ከአምስት ኮከብ አራት ያላነሰ የተሰጠበት ዕቃ ብቻ ከታየ ማኅተም እንጂ ምርመራ አልተደረገም። ሁለተኛ፣ ውጤቱ በልኬት የተደገፈ ነው ወይስ «በእጅ ሲያዝ ደስ ይላል» በሚል ብቻ የቀረበ? ሦስተኛ፣ አዲሱ ሞዴል ከቀድሞው ሞዴል ጋር ተነጻጽሯል ወይ? «የቀድሞው ያለው ሰው ይህን መግዛት አያስፈልገውም» ብሎ የሚጽፍ መጽሔት ለአንባቢው ይቆማል ለማለት ያስችላል። አራተኛ፣ ከግምገማው ጎን ያለው ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ የማን ነው? የዚያው አምራች ሆኖ በየእትሙ ከተደጋገመ ጥንቃቄ ያሻል።

ዕቃ ገምጋሚ መጽሔትን ዓመቱን ሙሉ መከተል ለአስመጪና ለሻጭ ካልሆነ በቀር አያዋጣም። ካሜራ የሚገዛ ሰው ሊገዛ ባሰበበት ወቅት ሁለት ሦስት እትም አንብቦ፣ ገዝቶ፣ ማንበቡን ሊያቆም ይችላል። በኮሎኝ ከ1950 ጀምሮ ይካሄድ የነበረው ትልቁ የፎቶ ንግድ ትርኢት «ፎቶኪና» በ2020 እንዲቆም ከተወሰነ ወዲህ የጃፓኑ የ«ሲፒ ፕላስ» ትርኢት ክብደቱ ጨምሯል። ትርኢቱ በአብዛኛው በየካቲት ወር በዮኮሃማ የሚካሄድ በመሆኑ ከዚያ በኋላ ያሉት እትሞች በአዳዲስ ዕቃ ወሬ ይሞላሉ። አዲስ ሞዴል በወጣ ማግስት የቀድሞው ዋጋ ስለሚወርድ ለገዢ የሚጠቅመው ወሬ አንዳንድ ጊዜ ስለ አዲሱ ሳይሆን ስለ አሮጌው ነው።

የሚያስተምሩ መጽሔቶች

ሁለተኛዎቹ «እንዴት እንደሚነሳ» የሚያስተምሩ ናቸው። ለጀማሪ ይጠቅማሉ። ይሁን እንጂ ትምህርታቸው ወቅትን ተከትሎ የሚዞር ነው፤ በጸደይ አበባ፣ በመኸር የረገፈ ቅጠል፣ በክረምት በረዶ። ዓመቱን አንድ ጊዜ የተከታተለ ሰው በሁለተኛው ዓመት ያንኑ ትምህርት በሌላ ሽፋን እንደገና ሊገዛው ይችላል። በመሆኑም ከዚህ ዓይነቱ የአንድ ዓመት ስብስብ በቂ ነው፤ ያውም አሮጌው ከአዲሱ የማያንስ ከሆነ በርካሽ የተገኘውን ያገለገለ እትም መግዛት ይሻላል። ስለ ብርሃንና ስለ አቀራረጽ የተጻፈ በጎ ትምህርት እንደ ካሜራ ሞዴል አያረጅም።

ሌላው መታየት ያለበት ትምህርቱ ለአገሩ መስማማቱ ነው። በለንደን የምትወጣው ፀሐይ በሰኔ ቀትር እንኳ ከ62 ዲግሪ ከፍታ አታልፍም። በአዲስ አበባ ግን ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች፤ ምሽቱም ሲመጣ ቶሎ ይጨልማል። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ለረጅሙ የበጋ ምሽት የመከረው ምክር እዚህ ለሠርግ ፎቶ አንሺ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የቀትር ፀሐይ ከዓይን ሥር የሚጥለውን ጥላ በፍላሽ ወይም በነጭ ጨርቅ ስለማለዘብ የሚያስተምር እትም ግን ለአዲስ አበባ ባለሙያ ገንዘቡን ይመልሳል።

የቆዳ ቀለምም እንዲሁ ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ በመሠረቱ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። ነጭ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ምስሉን ሲሞሉት መለኪያው ብርሃኑ በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ የሙሽራዋም ፊት ይጠቁራል። ኮዳክ ለረጅም ዘመን ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ያሰራጫቸው የቀለም ማስተካከያ ካርዶች የነጭ ሴቶች ምስል የነበረባቸው መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጥቁር ፊትና ነጭ ልብስ በአንድ ምስል ውስጥ እንዴት እንደሚታረቁ አንድ ጊዜ እንኳ ያላነሳ መጽሔት ለእዚህ ገበያ ባለሙያ ግማሽ ትምህርት ነው።

ዓይንን የሚያሰለጥኑ መጽሔቶች

ሦስተኛዎቹ ስለ ካሜራ ሳይሆን ስለ ፎቶው ራሱ የሚጽፉ ናቸው። ከእነዚህ መካከል አንሰል አዳምስ፣ ዶሮቲያ ላንግ፣ ማይነር ኋይትና ባልደረቦቻቸው በ1952 የመሠረቱት «አፐርቸር» ይጠቀሳል። አሳታሚው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ሲሆን መጽሔቱ በዓመት አራት ጊዜ ይወጣል። በ1993 የተጀመረው «ሌንስወርክ» ደግሞ ማስታወቂያ የማይቀበል፣ በአንባቢው ገንዘብ የሚኖር ነው። በሊቨርፑል በ1854 የተመሠረተው «ብሪቲሽ ጆርናል ኦቭ ፎቶግራፊ» በ2010 ሳምንታዊነቱን ትቶ ወርኃዊ በመሆን ትኩረቱን ከዕለት ዜና ወደ ፎቶው አዙሯል።

እነዚህ ለነጋዴ ምን ይጠቅማሉ የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። መልሱን ከ«አፐርቸር» ቁጥር 223 ማግኘት ይቻላል። በ2016 በጋ የወጣው ይህ እትም በሁለት ልዩ ልዩ ሽፋኖች የታተመ ሲሆን አንደኛው የአወል ኢርዝቁ ፎቶ ነበር። ኢትዮጵያ ተወልዶ በኒው ዮርክ ብሮንክስ ያደገው ይህ ፎቶ አንሺ በየካቲት 2017 ድምፃዊት ቢዮንሴን ነፍሰ ጡር ሆና ያነሳበት ፎቶ ዓለምን አዳረሰ። በኢንስታግራም እስከዚያ ጊዜ ከነበሩት ሁሉ የበለጠ የተወደደው ምስልም ሆነ። የመጽሔቱ አንባቢ ግን ስሙን ከወራት በፊት ያውቀው ነበር። ፎቶ ለሚሰበስብ፣ ለሆቴሉ ግድግዳ ምስል ለሚገዛ ወይም ለማስታወቂያው ፎቶ አንሺ ለሚቀጥር ባለሀብት ይህ የጥቂት ወራት ቅድሚያ ራሱን የቻለ የገበያ መረጃ ነው።

ለአገር ውስጥ ገበያም ዋጋ አለው። አይዳ ሙሉነህ በ2010 የጀመረችው «አዲስ ፎቶ ፌስት» የአፍሪካ ፎቶ አንሺዎችን ከውጭ አዘጋጆችና ገዢዎች ጋር የሚያገናኝ መድረክ ሆኗል። የእሷም ሥራ በ2018 በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ታይቷል። ገዢዎቹ ከሚያነቡት ያነበበ ሰው የሚናገሩትን ቋንቋ ይረዳል፤ የጠየቁትንም ዋጋ ይመዝናል።

ስሌቱ

መጽሔት የሚያዋጣ መሆኑን ለማወቅ ቀላል ሒሳብ አለ። የዓመቱን ክፍያ ከፖስታው ጋር ደምሮ፣ አንባቢው ቆርጦ ላስቀመጣቸው ወይም በሥራ ላይ ላዋላቸው ጽሑፎች ብዛት ማካፈል ነው። ለምሳሌ በዓመት 12 ጊዜ የሚወጣ መጽሔት 9,000 ብር ቢያስወጣና ከእሱ የሚጠቅሙት ሦስት ጽሑፎች ብቻ ቢሆኑ የአንዱ ዋጋ 3,000 ብር ነው። በዓመት አራት ጊዜ የሚወጣው 12,000 ብር አስወጥቶ 12 ጊዜ የሚመለሱበት ነገር ከሰጠ የአንዱ ዋጋ 1,000 ብር ይሆናል። ውድ የሚመስለው ርካሽ፣ ርካሽ የሚመስለው ውድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ፖስታው ራሱ ወጪ በመሆኑ እንደ «ዚንዮ» እና «ፕሬስሪደር» ያሉ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት መሸጫዎች ለዕቃ ገምጋሚዎቹና ለአስተማሪዎቹ ይመረጣሉ። የፎቶው ኅትመት ጥራት ራሱ ትምህርት የሆነባቸውን ግን በወረቀት ማየት ይሻላል። ሁለት ሦስት ፎቶ ቤቶች ተባብረው አንድ የወረቀት ደንበኝነት ቢገቡ ወጪው ይከፋፈላል።

ለማን የትኛው?

ካሜራ አስመጪና ሻጭ ባለቤታቸው የተለያዩ ሁለት ዕቃ ገምጋሚዎችን ዓመቱን ሙሉ ቢከታተል ከወጪው በላይ ያገኛል፤ ሥራው ነውና። ፎቶ ቤት ያለው ባለሙያ የአንድ ዓመት የትምህርት መጽሔት ስብስብ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ዓይኑን ወደሚያሰለጥነው ማዞር ይጠቅመዋል፤ ደንበኛው የሚከፍለው ለካሜራው ሳይሆን ለፎቶው ነውና። ፎቶ የሚሰበስብ ባለሀብት ከሦስተኛው ክፍል አንዱን መርጦ ሳያቋርጥ ቢያነብ ይበጀዋል። ለደስታው ብቻ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ደግሞ ካሜራ ሊገዛ ሲል ሁለት እትም፣ ከገዛ በኋላ አንድ ጥሩ የፎቶ መጽሔት በቂው ነው።

ለሁሉም ግን ደንበኝነት ከመግባት በፊት ሦስት ተከታታይ እትም ማየትና ማስታወቂያውን መቁጠር የመጀመሪያው ሥራ ነው። ከማስታወቂያው ገጽ ይልቅ የአንባቢው ገንዘብ ያቆመው መጽሔት አንባቢውን እንዳያጣ ይጠነቀቃል፤ አስተዋዋቂው ያቆመው ግን አስተዋዋቂው የሄደ ዕለት አብሮት ይሄዳል። የዓመቱን ክፍያ አስቀድሞ የከፈለ ደንበኛም ሒሳቡን የሚያወራርደው ያን ዕለት ነው።